የማጣሪያው አመድ

አሳየሽ ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጠራጊ ናት። ፋብሪካው ውሃ የሚያፈላው በድንጋይ ከሰል ነው፤ ጢሱ የሰፈሩን ልብስ ያጠቁር ነበር። አምና ማጣሪያ ተተከለለትና ሰማዩ ጠራ። ሰዉ «ተገላገልን» አለ፤ እሷም አለች። ከማጣሪያው የሚራገፈውን ብናኝ በጆንያ መሙላት የእሷ ሥራ ሆነ። ምንነቱን ለጠራጊ የሚነግር አልነበረም።

ወላይታ ውስጥ ደግሞ አመድ አይጣልም። ሴት የምድጃዋን አመድ ዝቃ ለማዳበሪያ እንሰቷ ሥር ታፈሳለች። አሳየሽም በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ወደ ጓሮዋ ስትወስድ ከረመች።

«ሌላው ከሥራ ሲወጣ ሥጋ ይገዛል፣ አንቺ አመድ ትሸከሚያለሽ!» ይላታል ዘበኛው ቦጋለ።

ሰኞ ጠዋት ግን አዲሷ መሐንዲስ ትርሐስ በሩ ላይ አገኘቻት።

«እትዬ አሳየሽ፣ ይሄ ወዴት ነው?»

«ለእንሰቴ ነዋ፣ ልጄ። አመድ አይደል?»

ትርሐስ ደነገጠች። «የምድጃ አመድ መሰለዎት? ድንጋይ ከሰሉ ውስጥ ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት መርዝ፣ አለ፤ ሲነድ ተንኖ ከጢሱ ጋር ይወጣል። እንዲይዝልን ጢሱ ውስጥ ልዩ የከሰል ዱቄት እንነፋለን፤ ዱቄቱ ከነባዜቃው ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ጢሱ የጠራው መርዙ ጠፍቶ አይደለም፤ የእርስዎ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ነው!»

አሳየሽ ጆንያውን ከትከሻዋ አወረደች። «ነፍሰ ጡር ልጅ አለችኝ። እዚያው እንሰቱ ሥር የበቀለውን ጎመን ነው የምትበላው።»

«ምን ያህል እንደነካው ሳይመረመር አላውቅም። ከእንግዲህ ግን እንዳትበላ። ሐኪም ይያት። አፈሩን አይጥረጉት፤ ውሃ ረጭተው ይሸፍኑት፣ መጥተን እናነሳዋለን።»

ወዲያው ባጃጅ ይዛ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። ልጇ ሳምራ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይህኛውን ስድስተኛ ወር ላይ ያደረሰችው በስንት ስለት ነው። ዝም ብትልስ? ጎመኑን ነቅላ «ተባይ በላው» ብትልስ? እውነቱን ካልሰማ ግን ሐኪሙ ምን ብሎ ይመርምር?

ስትደርስ ሳምራ ጓሮ ጎንበስ ብላ ቅጠል ትቀነጥሳለች።

«ጣይው!»

«ምነው እማ፣ እባብ አየሽ እንዴ?» ሳቀች ሳምራ።

አሳየሽ እጇን ይዛ ከእንሰቱ ሥር አወጣቻት፤ አስታጠበቻት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፣ አንድም አላስቀረችም።

ሳምራ ሆዷን ያዘች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያፈሰስሽው?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

ሳምራ በጣቷ ወሮቹን ቆጠረች፤ ሳትጨርስ ተወችው። እናቷን ቀና ብላ አላየችም። ነጠላዋን አንስታ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ቀደመች፤ አሳየሽ ከኋላዋ ተከተለቻት።