ቀንዲል አለ ቢሉኝ

በደርግ ጊዜ ለማስተማር መካነ ሰላም ስመደብ ከደሴ ይዤው የመጣሁት አመል አንድ ነው። አሮጌ መብራት ባየሁበት ተገትሬ እቀራለሁ። ላምባ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት ዘመን ስለነበር መምህራኑ ይስቁብኛል። «ላምባ ሳይኖርሽ መብራት ታከማቻለሽ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ ምን ነደደበት።

ችግሩ፣ በዚያ አገር መብራት ሁሉ፣ ባለቤቱን ከጠየቁት፣ ከመቅደላ የወረደ ነው። አንዱ ከአቀስታ ድረስ ተሸክሞ ያመጣልኝ «የመቅደላ ኩራዝ» ሆዱ ላይ የቲማቲም ሥዕል ነበረበት። እንዲህ ያለውን አመስግኜ እመልሳለሁ። ፋኖስ ከሆነ የክር ማዞሪያውን አገላብጬ አያለሁ፤ የፈረንጅ ፊደል አይጠፋበትም። ማዞሪያ የሌለውን ደግሞ አሸተዋለሁ። የላምባ ሽታ አንዴ ከገባ አይለቅም፤ የሞራው ሌላ ነው፣ የዘይቱም ሌላ። ሰው ፊት አፍንጫዬን ኩራዝ ውስጥ መክተት ማሳፈሩ ከቀረ ቆይቷል።

አንድ የገበያ ቀን ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ሽማግሌ ጠሩኝ። «አፊያ ነሽ ልጄ? በወግዲ መውጫ ካሉት ቄስ ቤት የድሮ ቀንዲል አለ። የነሐስ ነው» አሉኝ። እሳቸው ቀንዲል የሚሉት ዘይት የሚነድበትን መብራት ሁሉ ነው። እኔም ቃሉን እንደሰማሁት ይዤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ።

የቄሱ ባለቤት በር ላይ ተቀበሉኝ። አስተማሪ መሆኔን ነግሬ፣ «እማማ፣ ስለ ቀንዲሉ ነበር የመጣሁት» አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «እሺ አሉ? እኔ ስለምናቸው እምቢ ብለው፣ ለሰው ነገሩ?»

ከውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ። «ማንን አስጠራሽ አንቺ ሴት? ገና ነኝ አላልኩሽም?»

ያኔ ገባኝ። በክርስቲያኑ ቤት ቀንዲል ሲባል ለታመመ ሰው የሚደገመው ጸሎት፣ የሚቀባውም ዘይት ነው፤ ሰዉ ደግሞ ተስፋ ካልቆረጠ አያስጠራውም። ቄሱ ታመው ተኝተዋል። ሚስታቸው ሳይቀቡ እንዳይሞቱባቸው ይፈራሉ፣ እሳቸው ስሙ እንዲነሳ አይፈልጉም። እኔ ጉደኛዋ መሀል ገብቼ ቁጭ አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዘልዬ ገባሁ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። እኔ የምፈልገው መብራቱን ነው። ለማየት ብቻ።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለቤታቸውም እንባቸውን ሳይጠርጉ አብረው ሳቁ። «በይ አምጪላት፣ ትየው» አሏቸው።

መዳፍ የምታህል የነሐስ ሳህን ናት፤ ዙሪያዋን ሰባት አፍ አላት። ገለበጥኳት። ፊደል የላትም፣ የመዶሻው ምት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሸተትኳት፤ ላምባ አልነካትም። አፎቿን በጣቴ ስዳብስ ስድስቱ ጥላሸት ጠጥተዋል፣ ሰባተኛው ንጹሕ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ይኼኛው ለምን አልነደደም?» አልኩ።

«ሥርዓቱ ሰባት ቄስ፣ ሰባት ጸሎት፣ ሰባት ክር ነው። ሁሉም የየራሱን ክር ያበራል። በኛ አጥቢያ ሰባት ቄስ ተገኝቶ አያውቅም፤ ስድስት ነን። ባለቤት የሌለውን ክር አናበራም» አሉኝ ቄሱ።

አፌ አያርፍም። «ታዲያ አባቴ፣ ለራስዎ ለምን እምቢ አሉ?» አልኳቸው። ባለቤታቸው በዓይናቸው ቆነጠጡኝ።

ቄሱ ግን አልተቆጡም። «ይህችን ይዘን ስንገባ የበሽተኛው ፊት ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እፈራለሁ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ አትፍሩ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፍርሃቴን እንዲያዩብኝ አልወድም።»

ባለቤታቸው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባላቸውን በአንቱታ ብቻ ነበር የሚጠሯቸው፤ አሁን ግን እኔ መኖሬንም የረሱ መሰለኝ።

«እኔ አይቼብህ የለም እንዴ» አሏቸው። «ካየሁብህ ቆየሁ።»

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልውጣ አልውጣ እያልኩ መብራቷን ታቅፌ ቆምኩ። ከዚያ ዞሩና የባለቤታቸውን እጅ ያዙ።

«አምስቱን ጥሪልኝ» አሉ። «የራሴን ክር ራሴ አበራለሁ። ሰባተኛዋን አንቺ ታበሪያለሽ።»

ባለቤታቸው ከነጠላቸው ጫፍ ጥጥ መዘዙና ክሩን በጣታቸው ማጠንጠን ጀመሩ።