መኪናው ሲሠራ

የመንገድ ዳሩ መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት የወጣላት ስም እትዬ ብሎን ነው። የሽርጧ ኪስ ዘወትር በብሎን ስለሚሞላ፣ ስትራመድ ከመታየቷ በፊት ኳኳታዋ ይሰማል። ሱቋ ከከተማ ርቆ፣ ረጅሙ አቀበት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው ያለው። መኪና ደግሞ ልማዱ ነው፤ አቀበቱን እያቃሰተ ይወጣና ልክ ደጃፏ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ገበያ አላጣችም። ያጣችው መውጫ ነው።

ከሱቁ ጓሮ የእሷና የባሏ አሮጌ መኪና ቆሟል። ስንት ዓመት እንደቆመ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ዶሮ የኋላ ወንበሩ ላይ ጫጩት አስፈልፍላበታለች። የቆመውም ተበላሽቶ አይደለም፤ ተሰጥቶ አልቆ ነው። መንገደኛ የሚፈልገው ዕቃ ከመደርደሪያው ሲታጣ፣ መካኒኩ ባሏ "ሰውማ መንገድ ላይ አያድርም" ይልና መፍቻውን ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል። ዲናሞው ለሙሽሮች ሄደ፤ ራዲያተሩ ለለቀስተኞች። "ለእኛ ነገ እንገዛለን" ይላታል። ነገ መቼ መጥቶ ያውቃል? እሱን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ ባትሪውን በገዛ እጇ ነቅላ መንታ ላዘለች እናት የሰጠችው ራሷ ናት።

እናቷ የሚኖሩት መንገዱ በሚያልቅበት ከተማ፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። "መቼ ትመጪያለሽ?" ሲሏት መልሷ ያው ነው፤ "መኪናው ሲሠራ።" ድሮ ባሏን ልታገባ ስትነሣ፣ "ያ ሱቅ እስር ቤት ይሆንብሻል፤ በኋላ እናቴ አላለችኝም እንዳትዪ" ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ታርቀዋል፣ በስልክ ተላቅሰዋል። ቃሉ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

በቅርቡ ወንድሟ ደወለ። "እታለም፣ ዓይናቸው እየከዳቸው ነው" አላት። "እኔን እንኳ የሚለዩኝ መስኮቱ አጠገብ ስቆም ነው። ፊትሽን ሳያዩ እንዳይጨልምባቸው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን አላስቀምጥ አለችው። የጓሮውን መኪና ዕቃ በዕቃ ሞሉት፤ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ አስለቀቁ፤ ሞተሩም እያጉረመረመ ተነሣ። ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆመ። ምሳ ቀምሰው ሊወጡ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የምሳው ሳህን ሳይነሣ፣ ቤተሰብ የታጨቀባት አንዲት መኪና አቀበቱን ጨርሳ መጥታ ደጃፋቸው ላይ እንፋሎቷን ለቀቀች። አባትየው ወረደ፣ ሚስቱ ወረደች፣ ልጆች ተንጠባጠቡ፤ በመጨረሻ የአባትየው እናት ትራስ ታቅፈው ወረዱ። ባሏ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ወዲያው ገባት። የተበላሸው የውሃ ፓምፑ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ ከመደርደሪያው የለም፤ ያለው ጓሮ፣ የእነሱው መኪና ላይ ነው።

"ሰውማ…" ብሎ ጀመረ።

"ዝም በል" አለችውና ወደ አባትየው ዞረች። "የለንም፣ ወንድሜ። ከከተማ እስኪመጣ ነገ ነው።"

ይህን ቃል ለመንገደኛ ተናግራ ስለማታውቅ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ከራስ በላይ ንፋስ ነው፣ አለች በልቧ።

ምን ዋጋ አለው፤ ቤተሰቡ መሄጃ የለውምና በረንዳዋ ላይ ሰፈረ። ከጓሮው የሚያስወጣው በር አንድ ነው፣ እሱም የሚያልፈው በበረንዳው ፊት ለፊት ነው። ልሂድ ካለች በነዚህ ሰዎች ዓይን ሥር፣ ያንኑ ፓምፕ ይዛ ልታልፍ ነው። ውሃ ሰጠቻቸው፤ ወንበር አወጣችላቸው፤ ለልጆቹ ብስኩት አደለች፤ ተመልሳ ሱቋ ውስጥ ገባች። ከላይ የተንጠለጠሉት የሞተር ቺንጋዎች ራሷን ይነኩታል፣ የዘይት ቆርቆሮዎቹ ጉልበቷን ይገፏታል። ሱቁ እንደዚያ ቀን ጠቧት አያውቅም። ሻንጣዋን አየች፤ በሩን አየች፤ መሄድም መቀመጥም አቃታት።

አሮጊቷ ብቅ አሉ። "ልጄ፣ ፀሐዩ በረታብኝ፤ ከጥላው ልቀመጥ?"

"ይግቡ፣ እማማ።" የዘይት ሣጥን ጠርጋ አስቀመጠቻቸው። "ወዴት ነበር ጉዞው?"

"መንገዱ የሚያልቅበት ከተማ፣ ሴቷ ልጄ ጋ ነው። ካየኋት ቆየሁ።"

"እሷ ለምን አትመጣም?" ጥያቄው አምልጧት ነው።

"መኪናዋ ተበላሽቶባት ነው እንጂ ጨካኝ እንኳ አይደለችም። ሲሠራ እመጣለሁ ትለኛለች።" አሮጊቷ ትራሱን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። "አውቶቡስ እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ግን የገዛ ልጄን እንዴት አድርጌ ላሳፍራት? እሺ፣ ሲሠራ ትመጫለሽ እላታለሁ።"

እትዬ ብሎን ክው አለች። አውቶቡስማ በየቀኑ ያልፋል። ሾፌሩ ያውቃታል፤ ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም ሳይላት አልፎ አያውቅም። ለካ ያልተነሣው መኪናው ሳይሆን እሷ ኖራለች። ፈርታለች። እናቷ ፊቷን አይተው "አላልኩሽም?" ይሉኛል ብላ ነው የፈራችው። ደግነቷም ቢሆን ግማሹ ደግነት፣ ግማሹ መደበቂያ ነበር። እናቷም ይህን ሁሉ እያወቁ ዝም ብለዋታል።

ኪሷ ውስጥ ያሉትን ብሎኖች ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

"ፍታው" አለችው ባሏን።

"ምኑን?"

"ፓምፑን። ሰው መንገድ ላይ አያድርም አላልክም?"

"አንቺስ?"

"እኔ ከፓምፔ ጋር ነኝ።"

ፓምፑ ሲገጠም አባትየው ግራ ገብቶት ቆመ። "እትዬ፣ የለም ብለውኝ አልነበረም?"

"ነበረ። ዋሽቼህ ነው" አለችው። "አሁን የሚያስፈልገኝ ቦታ ነው።"

"ቦታማ… እንኳን ሰው ዶሮ አታስገባም።"

አሮጊቷ ትራሳቸውን አንሥተው ለአንዷ ልጅ አሳቀፏትና፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚሄድ ሰው አይከለከልም" አሉ።

ባሏ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። "ሱቁስ?"

"ሱቁ እግር የለውም፣ የትም አይሄድብህም።"

"እኔስ ልመጣ ብፈልግ?"

"አውቶቡስ አለልህ" አለችው። ይህን ስትል ፊቷ ቀላ።

በበሩና በልጆቹ መሃል ተጣብቃ፣ ሻንጣዋን አቅፋ፣ አንድ እግሯ ደንዝዞ ከአቀበቱ ማዶ ያለውን ቁልቁለት ወረደች። ሱቁ ከኋላ እያነሰ ሄዶ ከመታጠፊያው ጀርባ ጠፋ። እንደምንም እጇን አሾልካ ስልኳን አወጣችና ለወንድሟ ደወለች።

"ለእማዬ ንገርልኝ" አለችው። "መኪናው አልተሠራም በላት። እየመጣሁ ነው።"