ያልፈላው ጋን

ብርቅዬ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጠላ ጠምቃ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ላሊበላ ከተማ በአንድ ሎጅ የእንግዳ ክፍል ስታጸዳ ስለኖረች፣ አንሶላ መወጠር እንጂ ጌሾ መውቀጥ አልለመደችም። ጦርነቱ እንግዳውን ሲያርቀው ሎጁ ተዘጋ። እሷም ከባሏ ከደርበው ጋር ብልባላ አጠገብ ወዳለው የባሏ መንደር ገባች።

ጎረቤቶቿ ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን የማኅበር ጠላዋን በሌላ ሴት ስለምታስጠምቅ «የከተማዋ ሙሽራ» ይሏታል። ስሙ ያንገበግባታል። የኅዳር ማርያም ተራ እነሱ ላይ ሲወድቅ፣ «ዘንድሮ በገዛ እጄ ነው» ብላ ቆረጠች።

ለማስተማር የተነሡት በመንደሩ በጠላቸው የታወቁት አመተ ጊዮርጊስ ናቸው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሳሽተው አሳጠቧት፣ በወይራ ጭስ እንዴት እንደሚታጠን አሳዩዋት። ጌሾው ምን ያህል እንደሚደቅ፣ አሻሮው ምን ያህል እንደሚቆላ በጣታቸው አስነኳት። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ ገነተ ማርያም፣ ወደ ታመመች እህታቸው ሄዱ። ሲወጡ፣ «ብቅሉን ራስሽ አብቅዪ። ጥንስሱ ሲፈላ ይነግርሻል፤ እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚያጉረመርመው» አሏት።

ችግሩ ገብስ ነበር። በመስከረም የወረደው በረዶ የመንደሩን ገብስ ከነአገዳው አስተኝቶታል። ደርበው ሚኒባስ ተሳፍሮ ፍላቂት ገበያ ወረደ። በማግስቱ አንድ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ገብሱ እርጥብ ነበር።

«መንገድ ላይ ዝናብ መታው» አለ ደርበው። ብርቅዬ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ኅዳር ነው፤ ደመና የሚባል የለም። ግን አልጠየቀችም።

ገብሱን ስትዘፈዝፈው ውኃው ወደ ቀይ አደላ።

«ደርበው፣ ይሄ ውኃ ምነው ቀላ?»

«ቀይ አፈር ላይ የበቀለ ነዋ» አላት፣ ፊቱን ወደ በሬው እንዳዞረ።

ብቅሉ ያለ እንከን በቀለ። ሻጋታ አልነካውም። ፀሐይ ላይ ስታሰጣው፣ የጎረቤት ብቅል ላይ ተሰልፎ የሚውለው ጉንዳን በእሷ ሰሌን ዙሪያ ድርሽ አላለም። ብርቅዬ ደስ አላት። «እግዜር ለጀማሪ ያዝናል» ብላ ፈጨችው።

ጥንስሱ ግን አልፈላም። በሁለተኛው ቀን ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፈች፤ ጸጥ። በሦስተኛው ቀን ቂጣና አሻሮ ጨመረች፤ ጸጥ። ውኃ ሞልታበት ሦስት ቀን ብትጠብቅም ጠላ ጠላ አልሸተተም፤ ተኝቶ ቀረ። «እጄ ነው» እያለች በልቧ ተብሰከሰከች። እጅ የማይሆንላት ሴት አለች ሲባል ሰምታለች። ደርበውም ጋኑን ባየ ቁጥር ይገረጣ ነበር፤ እሷ ግን ማኅበሩ ስለቀረበ አፍሮ ነው ብላ ተረጎመችው።

በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ወንዴ የእርከን ድንጋይ ሲክብ ቆይቶ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ብቅ አለ።

«ያች ጠላሽ ደረሰች?»

«አልደረሰችም ወንዴ። አልፈላም ብላኛለች።»

«ለጠማው ሰው ምኑ ነው! ቅጂልኝ።»

ቀዳችለት። አንድ ጣሳ ጨለጠ፤ ሁለተኛውን ሲያጋምስ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደ። «መራራ ነች» ብሎ ሳቀና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ጥቂት ቆይቶ አመተ ጊዮርጊስ ከነመንገድ አቧራቸው ደረሱ። ጋኑን አዳመጡ። ሳይፈጭ ከተረፈው ብቅል ዘግነው አሸተቱት፤ በመዳፋቸው አሽተው ብርሃን ላይ ያዙት። በገብሱ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ቀለም ያለ ቀይ ነገር ተጣብቆ ነበር።

«ይኼን ገብስ ማን ነው ያመጣው?»

ደርበው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ደርበው» አለች ብርቅዬ።

«የዘር ገብስ ነው» አለ። «የተባይ መድኃኒት የተቀባ። ሌላ አልነበረም። ባዶ እጄን ብመጣ ሰው ይስቅብሻል ብዬ... ወንዝ ወርጄ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። የሚለቅ መስሎኝ ነበር።»

ብርቅዬ ሰምታ ሳትጨርስ ሮጠች። ወንዴ በካበው ድንጋይ ሥር በጎኑ ወድቋል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። ጮኸች። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ጤና ጣቢያው ሮጡ፤ ደርበው ከፊት ነበር፤ ሌላ ሰው ልተካህ ቢለውም ትከሻውን አላነሣም።

ወንዴ ተረፈ። ሆኖም ሚስቱ እስከ ዛሬ ድረስ ጣሳ ስታቀብለው በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

ጋኑን ከምንጩ ራቅ አድርገው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ከነጠላው ቀበሩት፤ ላዩን እሾህ አጠሩበት። በማርያም ዕለት ለማኅበርተኛው ብርዝ ቀረበ። ብርቅዬ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የባሏንም የራሷንም ሳትደብቅ። «ውኃው ሲቀላ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ» አለች። የሳቀባት አልነበረም።

በጥር፣ አመተ ጊዮርጊስ ከእህታቸው ባስመጡት ገብስ እንደገና ጠመቀች። ጥንስሱ በሁለተኛው ቀን አጉረመረመ። አሮጊቷ ቀምሰው፣ «እጅሽስ ምንም አልነበረበትም» አሏት።

ያ ግን እፎይ አላሰኛትም። ደርበው ወደ ፍላቂት ተመልሶ ሻጩን ቢፈልገው የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። ከሻጩ አጠገብ ጌሾ ትሸጥ የነበረች ሴት፣ በዚያ ቀን ሰባት ከረጢት ሸጦ መሄዱን ነገረችው። ሁሉም ለጠላ ነው ብለው ነበር የገዙት፣ አለችው።

ካህናቱ በሦስት አጥቢያ ከቅዳሴ በኋላ ዐወጁ፦ ከፍላቂት የቀላ ገብስ የገዛ ሰው፣ ቢያጥበውም እንኳ፣ እንዳይጠምቅ፣ እንዳይፈጭ፣ መጥቶም እንዲናገር። ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ አዳመጠ። ብርቅዬ ከሴቶቹ በኩል ሆና ፊቶቹን አንድ በአንድ ስትቃኝ፣ ዐይኑን ወደ መሬት የሰበረ አንድ ባል ያየች መሰላት፤ ወዲያው በሕዝቡ መሐል ጠፋባት።

እስካሁን መጥቶ የተናገረ የለም።