በአማች ፊት

ያደግኩት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው። እዚያ ሰፈር ያልጮኸ አይሰማም፤ እናቴ "ጨው አምጪ" ስትለኝ እንኳ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ሮቤ ለሥራ እስክመጣ ድረስ ድምፄ ትልቅ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም። ፈጥኖ መናገር፣ ቶሎ መጨረስ፣ ወደሚቀጥለው መሮጥ፤ ለእኔ የሥራ ሰው ማለት ይኸው ነበር።

የተቀጠርኩት የስንዴ ዘር በሚያባዛ ድርጅት ውስጥ ነው። ገበሬዎች ለዘር ብለው የሚያመርቱትን ስንዴ ማሳው ድረስ ሄጄ እመረምራለሁ፤ ንጹሕ ከሆነ አሳልፋለሁ፣ ካልሆነ እጥላለሁ። ዋናው ጠላታችን ሲናር ነው። ስንዴ የሚመስል አረም ነው፣ ሲያድግ ግን ከስንዴው በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ስንዴው ቢጫ ከመሆኑ በፊት ሲናሩ ተነቅሎ፣ እኔም ድጋሚ አይቼ ካላረጋገጥኩ፣ ማሳው ከዘር ይወጣና ምርቱ እንደ ማንኛውም እህል ገበያ ይሄዳል።

የቢሮው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያቁነጠንጠኝ ነበር። አለቃዬ የጎባ ልጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ይመጣል። ገብቶ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛውን ሁሉ እየዞረ ሰላም ይላል። አማርኛው ሲያልቅ ኦሮምኛው ይቀጥላል። "አካም? ነጋ? ሎን ነጋ?" የመጨረሻው ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ማለት ነው። ጸሐፊያችን የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ አንዲት ጥጃ እንኳ የላትም፤ እሷም ኮራ ብላ "ነጋ" ትላለች። እኔ እግሬን እያርገበገብኩ እጠብቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ "ደህና፣ ደህና፣ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?" እለዋለሁ። እሱም ፈገግ ብሎ "መቼም አንቺ!" ይልና ያልፋል። ወይ እኔ! ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ቀን ከሮቤ ወጣ ብሎ ወዳለ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ሄድኩ። አገሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ አባቴን በዕድሜ ይበልጣሉ። ስደርስ ከአንድ ጥምጣም ካሰሩ እንግዳ ጋር ማሳቸው ዳር ቆመዋል። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ሰላምታውን ጀመሩ። እጄን ሰጥቼ ገና ሁለተኛው "ነጋ" ላይ ሳሉ ቦቲዬን እንዳጠለቅኩ ስንዴው ውስጥ ገባሁ። በውስጡ የገባውን አረም የምቆጥርበትን የብረት ካሬዬን አምስት ቦታ ጥዬ ቆጠርኩ። በየቦታው ሲናር ነው። ወደ እሳቸው መመለሱ ጊዜ ማባከን መሰለኝና እዚያው መሐል ቆሜ ጮህኩ፦

"ሐጂ! ማሳዎን ሲናር በልቶታል! እንዲህ ሆኖ አያልፍም! በአሥር ቀን ካልነቀላችሁት ከዘር ይወጣል!"

ሐጂ "እሺ ልጄ" አሉና ጫማቸውን አዩ። እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅጹን አስፈርሜያቸው መኪና ውስጥ ገባሁና ለሹፌሩ "አየህ፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀሁም" አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ምርመራ ልቀጥር ደወልኩ። "ነገ" አሉኝ። በነጋታው ደወልኩ። "ኢንሻ አላህ፣ ነገ።" ደግሞ ደወልኩ፤ ለቅሶ አለ፣ ነገ። መንገድ ዳር ያለው ስንዴ ቢጫ ማለት ጀምሯል። በሄድኩበት ሁሉ ስንዴ ባየሁ ቁጥር የቀሩትን ቀናት እቆጥራለሁ። ምሳ ስበላ ሰዓት አያለሁ፣ ባጃጅ ላይ ሆኜ ስልኬን አያለሁ። በመጨረሻ ያለ ቀጠሮ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በጣም በትሕትና "ሐጂ ጊኒር ገበያ ሄደዋል" አሉኝ። የሐጂ ከዘራ በሩ ላይ ተደግፏል፣ ጫማቸውም ከሥሩ አለ። ማሳው ከግቢው ጀርባ ስለሆነ ከመንገድ አይታይም፤ ባለማሳው ሳይኖር መግባት ደግሞ በደንባችን አይፈቀድም። ሴትየዋ ወተት ሰጡኝ፣ ቆሜ ጠጣሁት፣ እየተንጨረጨርኩ ተመለስኩ።

ቢሮ ስደርስ በሰው ሁሉ ፊት "ሐጂ ውሸታም ናቸው!" አልኩ።

አለቃዬ ተነስቶ "ነይ እስቲ" ብሎ ወደ ግቢው ይዞኝ ወጣ።

"እዚህ አገር ሽማግሌ እምቢ ብሎ ፊትሽን አያሳፍርም" አለኝ። "ነገ ይልሻል። ሦስት ጊዜ ነገ ካለሽ እምቢ ብሎሻል።"

"ምን አደረግኳቸው?"

"ያን ቀን አብረዋቸው የቆሙት ማን እንደሆኑ ጠይቀሻል?"

አልጠየቅኩም።

"አማቻቸው ሊሆኑ የመጡ ሰው ናቸው። የሐጂን ልጅ ለልጃቸው የጠየቁ። ሐጂ እርሻቸውን እያሳዩአቸው ነበር። ሰው እኮ በአማቹ ፊት ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፤ አንቺ ማሳዎን ሲናር በልቶታል ብለሽ ጮህሽ። ሐጂ ከዚያ ወዲህ የጋብቻውን ቀጠሮ ራሳቸው ከአዝመራ በኋላ ይሁን ብለው አቆይተውታል። በምን ዓይናቸው ይዩአቸው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ዕድሜ ልኬን ስሰማው ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱን ማራገፍ አማረኝና "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ አፈጠጥኩበት።

"መቼ ቆመሽ ሰምተሽ?" አለኝ፤ ሳይቆጣ።

እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለሐጂ ደወለ። በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ አንድ ሰው የወገብ ሕመም አወሩ። እኔ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ! የእኔን ነገር ያነሳው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዘጋና "ነገ" አለኝ።

"ስንተኛው ነገ?"

"የዛሬው ነገ እውነተኛ ነገ ነው። ደግሞ ቀስ በይ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

በነጋታው አብረን ሄድን። ሐጂ ቤት ውስጥ እንግዳው ባለ ጥምጣም ተቀምጠዋል። አለቃዬ አስጠርቷቸው ኖሯል። ጭኮ ቀረበ፣ የገብሱና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ ወተትም መጣ። ተቀምጬ ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩ። "ሎን ነጋ?" ስል እንግዳው በአነጋገሬ ፈገግ አሉ። እግሬ ሊርገበገብ ሲል ጉልበቴን በእጄ ያዝኩት። እንዲህ ረጅም ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም። በኋላ ግን ተነስቼ ሐጂ ፊት ቆምኩ።

"ሐጂ፣ ያን ቀን በእንግዳዎ ፊት አዋርጄዎታለሁ። እንዴት እንደሚነገር አላወቅኩም። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

ሐጂ ከዘራቸውን አነሱ። "ነይ" አሉኝ።

በጓሮ በኩል ወጣን። ስንዴው ወገቤ ድረስ ነው፣ ጫፉ ቢጫ ሊል ቀን የቀረው። አንድም ሲናር ራሱን አላወጣም። ማሳው ዳር የተከመረ ሲናር አለ፣ ደርቆ ቡናማ ሆኗል።

"መቼ ነቀላችሁት?"

"አንቺ በሄድሽ ማግሥት ጀመርን። ከልጆቼ ጋር ሦስት ቀን ፈጀብን።"

"ታዲያ ለምን ነገ፣ ነገ አሉኝ? ከዘር ሊወጣብዎት እኮ ነበር!"

"ይውጣ። ስንዴ ነው፣ ይበላል" አሉኝ። "ስትደውዪ ሁሉ ጥያቄሽ ማሳው ደህና ነው ወይ ነው። ሐጂስ ደህና ናቸው ወይ አላልሽም።"

ካሬዬን ጣልኩ፣ ቆጠርኩ፣ አምስቱም ቦታ ንጹሕ ነው። አሁን መቼም ተምሬያለሁ ብዬ ቀስ ብዬ ተመለስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ በለሆሳስ "ሐጂ፣ አልፏል" አልኳቸው።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። "ምን አልሽ?"

"ማሳዎ አልፏል።"

"አልሰማሁም። ያን ጊዜ የነገርሽኝ እዚህ ሆነሽ አይደለም" አሉና በከዘራቸው የማሳውን መሐል አሳዩኝ።

ዞር ስል እንግዳው ከአለቃዬ ጋር ማሳው ዳር ቆመዋል። ገባኝ። ስንዴውን እየገለጥኩ ተመልሼ ገባሁ። ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ አውቶቡስ ተራ ባሳደገው ድምፄ ጮህኩ፦

"ሐጂ! ማሳዎ ንጹሕ ነው! አንድ ሲናር የለበትም! አልፏል!"

ሐጂ ወደ እኔ አላዩም። ወደ አማቻቸው ዞሩና "ሰሙ?" አሏቸው።