በቅሎ የወለደችበት እሑድ

የእህቴ ባል ዓባይ ክርክር እንደ ምግብ የሚርበው ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ሐሜት ስለሚመስል ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። ሉማሜ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ጤፍና ስንዴ እየገዛ ለአዲስ አበባ መኪኖች ይጭን ነበር። እህል ነጋዴ የሆነው ግን ኋላ ነው። በጎልማሳነቱ ነገረ ፈጅ ነበር። ሙግት የገባ ሰው ሁሉ ለምኖ ይወስደዋል፤ እሱም ደብረ ማርቆስ ችሎት ፊት ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ነቅንቆ «ተጠየቅ» ብሎ ሲነሣ ዳኛው ሳይቀር ከወንበሩ ወደ ፊት ይሳብ ነበር ይባላል። ይባላል ማለቴ ወሬውን የሰማሁት ከራሱ ከዓባይ ስለሆነ ነው።

ኋላ አዲሱ ሕግ መጣና ክርክር በጽሑፍ ይሁን ተባለ። ዓባይ ነገር የሚያምርለት በምላሱ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን እንደ ማንኛችንም ነው። ተናዶ ችሎቱን ተወና ወደ እህል ዞረ። ጤፍ ደግሞ አይመልስም። ስንዴን «ተጠየቅ» ቢሉት ዝም ነው። እህቴ በሕይወት ሳለች አንዳንድ ጊዜ ትገጥመው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ልጇን አይናዲስን ላሳድግ እኔ ገባሁ፤ እኔ ደግሞ ክርክር ስሰማ ራሴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ቤቱ ፀጥ አለበት፣ ጠባዩም ከፋ። እህል የሚጭንለትን ሹፌር፣ በደጁ የሚያልፈውን ዲያቆን፣ ሁሉንም በነገር ይፈልጋቸው ጀመር።

ያዳነን ሬዲዮ ነው። በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል፣ ከአዲስ አበባ ባዶውን በተመለሰ የእህል መኪና ባለ ባትሪ ሬዲዮ አስመጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ «ሃምሳ አለቃ ጠርጥር» የሚባል ጨዋታ ይተላለፍ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጠርጥር ወንጀል መርማሪ ነው፤ ከሆዱ በቀር የሚያምነው ነገር የለም። ዕቃ በጠፋ ቁጥር የተጠረጠሩትን ሰዎች ቤት እየዞረ ምሳ ይበላል። ወጡ ጨው ከበዛበት፣ የሠራችው እጇ ተንቀጥቅጧልና ሌባዋ እሷ ናት ይላል። ሁልጊዜ ይሳሳታል። በመጨረሻ ሚስቱ እውነተኛውን ሌባ ትነግረዋለች፣ እሱም ራሱ ያገኘው ይመስል እየፎከረ ያስራል። አንድ ጊዜ ወፍ እንዲያባርር ማሳ ላይ የቆመ የገለባ ሰው ለጥያቄው አልመልስ ቢለው ዝምታህ ጥፋትህን ይመሰክራል ብሎ በካቴና ሲያስረው፣ ዓባይ ከሳቅ ብዛት ከመደቡ ላይ ወደቀ።

የሰፈሩ ሰው እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይሞላል። ጨዋታው ሳያልቅ መሳል ክልክል ነው። ሲያልቅ ዓባይ ሬዲዮውን ዘግቶ ይነሣል፣ ኩታውን ያጣፋል፣ ዘንጉን ይይዛል፣ የሰማነውን አንድ በአንድ አንሥቶ እንደ ጥንቱ ይሟገትበታል። የሚገጥመው ግን አልነበረም። ሁሉም «ልክ ብለሃል ጋሼ ዓባይ» እያለ ይበተናል። ቢሆንም ልቡ ይራስለታል፤ እሑድ ማታ ዓባይን የለመነ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

በዚህ መካከል አይናዲስ እንዳላማውን ወደደች። እንዳላማው በጀማለዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ልጅ ነው። ደግ ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አይናገርም። መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ይሁን ወይም ተፈጥሮው ይሁን፣ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው በራሱ ንቅናቄ ነው። እሑድ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ይስቃል፣ ጨዋታውን እንዴት አየኸው ሲባል ግን «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም። ይህ ነገር ዓባይን አንገበገበው። እንዳላማው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኮ ሁለት ጊዜ መለሰበት። አፍ የሌለው ሰው ልጄን በዝምታ ሊሰርቀኝ ነው ይል ነበር፤ ኋላማ ስሙን ትቶ «ሌባው» ብቻ ማለት ጀመረ። ሦስተኛም ከመለሰበት ግን በወጉ ሌላ ሽማግሌ አይላክም። እንዳላማውም ያን ጊዜ የስፌት መኪናውን ጭኖ ባሕር ዳር ወንድሙ ዘንድ ሊሄድ ቆርጦ ነበር። አይናዲስ እህል ውኃ አላሰኝ አላት።

ዘዴውን ያመጣችው ራሷ ናት። «እታለም፣ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ፣ ሬዲዮው እንዳለቀ» አለችኝ። አባቷ ሃምሳ አለቃን ሰምቶ ሲስቅ ውሎ እምቢ ማለት እንደማይሆንለት ሁለታችንም እናውቃለን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ እሺ ከተባለ ሠርጉ ለጥር ይደርሳል። ለሽማግሌነት መምሬ ባዘዘውና ባለሱቁ ጀማለዲን ተመረጡ። ጀማለዲን እንዳላማውን በበረንዳው ስለሚያውቀው ወላሂ ብሎ የሚምልለት ሰው ነው። ሁሉን አዘጋጅተን እሑድን ጠበቅን።

ያን እሑድ ሃምሳ አለቃ ጠርጥር ጉድ ሠራን።

የአንድ ባለጠጋ በቅሎ ከተቆለፈ ጋጣ ጠፋች። ሃምሳ አለቃ አሽከሩን ጠረጠረ፣ ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ ዲያቆኑን ሳይቀር ጠረጠረ። የማንም ቤት ግን ገብቶ አንድ ጉርሻ አልጎረሰም። የሚስቱ ድምፅ ደግሞ የሌላ ሴት ነበር፤ የወትሮዋ ታማ ይሁን ተጣልታ ማን ያውቃል። መጨረሻ ላይ በቅሎዋ ገደል ሥር ውርንጭላ ስታጠባ ተገኘች። ሃምሳ አለቃም በቅሎዋ ልትወልድ ነበር የጠፋችው፣ ሌባ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሙዚቃው ተመታ፣ አለቀ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። በቅሎ ወለደች! ጎጃም ውስጥ ተቀምጠን! አንዱ ይህን የደረሰው ሰው በቅሎ ያየው በሥዕል ነው አለ። ሌላው ምሳ ያልበላ ሃምሳ አለቃ ምኑ ሃምሳ አለቃ ነው አለ። ለሚስቱ ድምፅ ያዘኑ ሴቶች ነበሩ። ባትሪው ባከነ ያለም አልጠፋ። እውነቱን ልናገርና እኔ ስቄያለሁ፤ በቅሎ ስታጠባ ማሰብ በራሱ ያስቃል። ግን አፌን ያዝሁ፣ ዓባይ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበርና። ኩታውን አጣፍቶ ተሰደብን እያለ ቤቱን ወዲያና ወዲህ ይመታዋል። አይናዲስ ጓዳ ውስጥ ማማሰያ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰው ልኬ ሽማግሌዎቹን ላስቀር አስቤ ገና ወደ ጓሮ ስል በሩ ላይ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መምሬ ባዘዘውና ጀማለዲን ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል።

ዓባይ ሲያያቸው ደስታው ልክ አጣ። ለምን እንደመጡ ያሰበ አይመስለኝም፤ ዳኛ ከሰማይ የወረደለት ነው የመሰለው። ተቀመጡና ፍረዱኝ አላቸው። መምሬ ባዘዘው ደግሞ እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ተቆላለፈ። በችሎት ደንብ ዳኛ ተቀምጦ ይሰማል፣ የሚቆም ተሟጋቹ ነው። በሽምግልና ደንብ ደግሞ እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ ጉዳዩን እንደተወ ይቆጠራል። ዓባይ ዳኛ ቆሞ እንዴት ይፈርዳል እያለ ይለምናል፤ እነሱ እሺ በለንና እንቀመጥ ይላሉ። ጀማለዲን የቆየ የወገብ ሕመም አለበት፤ ልመናው ሲበዛ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ወደ መደቡ መውረድ ጀምሮ ነበር። መምሬ ባዘዘው ክንዱን ይዘው ወደ ላይ መለሱት። ሰዉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከብዙ ግብግብ በኋላ መምሬ በመቋሚያቸው፣ ጀማለዲን በበሩ መቃን ተደግፈው፣ ሳይቀመጡም ሳይቆሙም እንዲሰሙ ተስማሙ።

ዓባይ ዘንጉን አነሣ። «ተጠየቅ፣ በቅሎ ትወልዳለች?» አለ።

እጠየቃለሁ የሚል ጠፋ። ማን ለሃምሳ አለቃ ይቆማል! ዓባይ ክሱን ዘረዘረ፤ የማትወልደውን አስወለደ፣ ምሳ ሳይበላ ምርመራ አደረገ፣ ይባስ ብሎ ሌባ የሌለበት ስርቆት አመጣ። ተከራካሪ ፍለጋ ዙሪያውን አየ። ሁሉም እንደ ልማዱ ልክ ብለሃል ጋሼ አለው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ብቸኝነት ነበር፣ አሳዘነኝም።

ወዲያው አይናዲስ ጓዳው በር ላይ ከአጠገቤ ተነሣች። የምትለመን ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እንኳን ልትሟገት ሳልዋም አይሰማ። ነጠላዋን ጨምድጄ ያዝኋት፤ ነጠላውን ለእኔ ትታልኝ ወጣች። ማማሰያውን እንደ ዘንግ ወደ ላይ አድርጋ «እኔ እጠየቃለሁ» አለች።

መጀመሪያ በቅሎዋን አነሣች። በቅሎዋ ወለደች ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሃምሳ አለቃ ነዋ፣ አለ አባቷ። ሃምሳ አለቃ ደግሞ የገለባ ሰው በካቴና ያሰረ ነው፤ በቂልነቱ ሲስቁ ከርመው ዛሬ ቃሉን እንደ ታማኝ ምስክር መቁጠር ከየት መጣ አለች። ውርንጭላው እናቱ የሞተችበት የባዝራ ልጅ እንዳልሆነ ማን አጣራ? መምሬ ባዘዘው «እህ» አሉና በመቋሚያቸው ላይ ተስተካከሉ። ዓባይ ዓይኑ በራ። ምሳ አለመብላቱስ ብሎ ዞረባት። የገና ጾም ላይ ነን፣ ፖሊስ ክርስቲያን አይደለም ወይ አለችው። ሽሮ አለ አይደለም እንዴ አለ። በሽሮ ማን ተይዞ ያውቃል ብላ መለሰችለት። ጀማለዲን ሳቀና ወገቡን ያዘ። ዓባይ እየሮጠ እንደሚጫወት ልጅ ፊቱ ወዝቷል፤ ትከሻው ቀጥ ብሏል፣ ድምፁ የጎልማሳነቱ ድምፅ ሆኗል። የልጄን ምላስ አያችሁ ወይ እንደማለት ሰዉን በዓይኑ ይዞራል። እኔ ጓዳ በር ላይ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ።

በመጨረሻ የሚተማመንባትን መዘዘ። ሌባ የሌለበት ስርቆት በየትኛው አገር አለ አላት።

አይናዲስ ማማሰያውን ዝቅ አደረገች። «አለ፣ አባዬ። በቅሎዋ በእግሯ ነው የሄደች። ባለቤቷ ግን በገዛ ፈቃዷ መሄዷን ማመን ከብዶት ሌባ ይፈልጋል። እርስዎም እንዳላማውን ሌባ ይሉታል። እሱ አልሰረቀኝም። የወደድሁት እኔ ነኝ፣ መሄድ የምፈልግም እኔ ነኝ። ዝምተኛ ነው ይላሉ፤ እዚህ ቤት ተናጋሪ መቼ ጠፋና ነው? እኔ ያጣሁት የሚሰማኝ ሰው ነው።»

እኔ ነጠላውን በጥርሴ ነክሻለሁ። ዓባይ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ያጣፋውን ኩታ ፈታ።

«ተረታሁ» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «እንግዲህ ተቀመጡ» አላቸው።

ቃሉ ሳያልቅ ጀማለዲን መደቡ ላይ ነበር። እልልታዬን ለቀቅሁት። መምሬ ባዘዘው፣ አይናዲስ ስለረታች ሃምሳ አለቃም በነጻ ተለቋል ብለው ፈረዱና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሮጦ ለእንዳላማው ነገረው፤ ልጁም መርፌውን ከአፉ አውጥቶ «ጥሩ ነው» አለ አሉ። ይህንማ ስንሰማ ሆዳችንን ይዘን ወደቅን፤ ከሁሉ በላይ የሳቀ ዓባይ ነው። ጠላ ተቀዳ፣ ለጀማለዲን ማር በውኃ ተበጠበጠለት፣ አይናዲስም አፍራ ጓዳ ገብታ አልወጣም አለች።

ሰው ሲበታተን ዓባይ ወደ እኔ መጣ። ከጓዳው፣ ዕቃ እያነሣች የምታዜም የአይናዲስ ድምፅ ይሰማል።

«ያለምወርቅ፣ የሚከራከረኝ ፍለጋ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰፈር ስሰበስብ እዚህ ጓዳ ውስጥ ነበረች?» አለኝ።

«እዚሁ ነበረች» አልሁት።

«ባገኘኋት ቀን ሰጠኋት» አለ፤ ሳቁ ገና አፉ ላይ ሳለ እንባው መጣበት።