የሻጭ ፊት ንባብ በመርሳ በሬ ተራ

መርሳ በሬ ተራ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ይመር «ዛሬ በሬ እንዳታይ፤ ሰው እይ» አሉኝ። ጋሽ ይመር የደላሎቹ አለቃ ነበሩ። ወልድያ ውስጥ ሾፌሮች በሚያርፉበት ሻይ ቤት ኮንከር ስጫወት አይተው ነው የወሰዱኝ። ጆከር የደረሰው ሰው ወይ ትንፋሹን ይይዛል ወይ ሳይጠየቅ ወሬ ይጀምራል። እኔ ይቺን ስለማውቅ ሾፌሮቹ ከእኔ ጋር ካርታ መጫወት ጠልተው ነበር። ጋሽ ይመር «ይሄን ዓይን በካርታ አታባክነው» አሉና ዱላ ገዝተው ሰጡኝ።

ድለላው ከካርታ ብዙም አልራቀም። ገመዱን አሳጥሮ የያዘ ሻጭ ለመሸጥ አልቆረጠም፤ አስረዝሞ የለቀቀ ቸኩሏል። የበሬውን ጥርስ ሁለቴ የሚያይ ገዢ ወዶታል፤ የሚያጣጥለው ለወጉ ነው። ነውር የሚደብቅ ሻጭ ምራቁን ይውጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊት ለፊት አይቆምም። እኔ ቃል አልተነፍስም። ዱላዬን ከቀኝ ትከሻዬ ወደ ግራ ካዞርኩ ገዢዬ «ተወው» ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። «የሱ ዓይን ራጅ ነው» ይሉኝ ነበር። ምን ይደረግ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራውን ልተው ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ አያ ሰይድ የሚባሉ የሀብሩ ገበሬ አንድ ዳለቻ በሬ ይዘው መጡ።

«ለሚያርስበት ሰው ነው የምሸጠው» አሉ፣ እጃቸውን ከበሬው አንገት ሳያነሱ። «ለቢላ አልሰጥም፤ ከጥጃነቱ ያሳደግኩት ነው። ወገቤ እርሻ አልችል ብሎኝ እንጂ ባልለየሁት። ነገ ወልድያ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፤ ዛሬ መሸጥ አለብኝ።»

ገዢዬ ካሳው የሚባል የሲሪንቃ ገበሬ ነበር። የሚያርስበት በሬ ነው የቸገረው። ዳለቻውን ጥርሱን ሁለቴ አየው። እኔ ግን አያ ሰይድን አየሁ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምራቅ ለመዋጥ ይታገላሉ። በየመሀሉ ፀሐይዋን ያያሉ። ካሳው ሲጠጋቸው ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። በቃ፣ ይሄ በሬ ይተኛል አልኩ በልቤ። ቀንበር ሲጫንበት መሬት ላይ የሚተኛ በሬ አለ፤ ገበያ ላይ ቆሞ አይታወቅም። ዱላዬን አዞርኩ።

ካሳው ትቶት ሄደ። የኔን ዱላ የሚጠብቀው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሸሹ። ገበያው ሊበተን ሲል ከወልድያ የመጣ የልኳንዳ ነጋዴ ብቻ ቀረ። አያ ሰይድ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉት። በአራተኛው ከበሬው ጀርባ ጥቂት ጠጉር ነጭተው፣ በረከቱ ቤት እንዲቀር፣ ኪሳቸው ከተቱና ገመዱን ሰጡት። በሬው አይሱዙ ላይ ተጫነ።

አመሻሽ ላይ መኪና መጠበቂያው ጋ አገኘኋቸው። በላስቲክ የተቋጠረ ተምርና የላስቲክ ውሃ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አዛን ሲሰማ «ቢስሚላህ» ብለው ተምሩን ጎረሱ።

«ጾመኛ ነበሩ እንዴ?» አልኩ።

«በረመዳን ታምሜ የፈታሁትን ጾም ቀዷ እያወጣሁ ነው፣ ልጄ። ሆስፒታል ሳልገባ ልጨርሰው ብዬ። አፌ ሸትቶ ሰው እንዳላስቀይም ስሸሽ ነው የዋልኩት» አሉና ተምር ዘረጉልኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ረመዳን ካለፈ ከወር በላይ ሆኖታል፤ በፍጹም አላሰብኩትም። ግማሹ ጎረቤቴ እስላም ነው፤ የጾመኛ ፊት ከልጅነቴ አውቃለሁ። እንግዳ ሰው ቢሆን ይቅር ይባላል፤ እኔ ግን በምን አፌ?

«አንተ ሰው ያውቃል ይሉሃል» አሉኝ አያ ሰይድ። «በሬዬ ምን ጎድሎት ነው ሰው የሸሸው? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ንገረኝ።»

የነጋዴው ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። በሬው ገና አልታረደም። ደውዬ፣ ትንሽ ዋጋ ጨምሬ፣ ለካሳው ማስመለስ እችል ነበር። ግን ለዚህ «ዓይኔ ሳተ» ማለት ነበረብኝ፤ በሬ ተራው ሁሉ ይሰማል። ስሜን ከበሬው አስበለጥኩ።

«እኔ እንጃ፣ አያ ሰይድ። የገበያ ነገር ነው» አልኩ።

እሳቸው የሰው ፊት አያነቡም፤ አመኑኝ። «አላህ ይስጥህ» ብለው ሚኒባሱ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት ደወልኩ። «ኧረ እሱማ ሥጋው አልቋል» አለኝ ነጋዴው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ምልክት ማየት እኔም እችል ነበር። ሰውየውን «ምነው ከንፈርዎ ደረቀ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ አይፈጅም። ጠይቁ። ከተሳሳታችሁም በዚያው ቀን ተናገሩ። በማግስቱ መናገር ለማንም አይጠቅምም።