የወፍጮ ቤቱ ፊልም መጨረሻ

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት የልጄ ልጅ ሜሮን ጓደኞቿን ሰብስባ ሳሎኔን ያዘችው። የሚያዩት በአማርኛ ድምፅ የተሰጠው የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ነው። አንዲት የዛሬ ዘመን ልጅ ድንገት ወደ ጥንት ዘመን ተመልሳ ከዚያ ዘመን ሰው ጋር ትፋቀራለች። ታሪኩ የተወሰደው ከመጽሐፍ ነው አሉ። ከልጆቹ አንዷ ቤቴል መጽሐፎቹን በስልኳ አንብባ ጨርሳለች፤ በዚህ የተነሳ ሌሎቹን መፈናፈኛ አሳጥታቸዋለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ ለእራት የሚቀቀል ጎደሬ እልጥ ነበር።

«ውሸት ነው! መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም!» አለች ቤቴል ብድግ ብላ።

«አንቺ ደግሞ በየደቂቃው መጽሐፉ፣ መጽሐፉ! ዝም ብለሽ እይ እስቲ» አለቻት ሜሮን።

«ከንፈሩን እዪዋ! ይሄን ሁሉ አላወራም። ተርጓሚዋ ናት ከሆዷ ያወጣችው።»

«ታውጣ! እኛን ደስ ካለን አንቺን ምን አገባሽ?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሜሮን ዞር ብላ «እማማ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ጎደሬው እጄን አሳከከኝ» ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጎደሬ እጅ ያሳክካል፤ ያ ውሸት አይደለም። የወጣሁት ግን በእሱ ምክንያት አልነበረም።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። መብራት የሚመጣው ሲመሽ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የሰፈራችን ሰው ግን ትንሽ ጀነሬተር ነበራቸው። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ቤታቸውን ተከራይታ ኖራ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ የቪዲዮ ማጫወቻዋን፣ አንድ ካርቶን ካሴትና ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ትታላቸው ሄደች። ጋሽ ደምሴም የእህል መጋዘናቸውን ጠርገው ቪዲዮ ቤት አደረጉት።

ካሴቶቹ ላይ ያለው በነርሷ አገር ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ይታይ የነበረ ድራማ ነው፤ እህቷ እየቀዳች ትልክላት ነበር። ማስታወቂያው እንኳ አልተቆረጠም። አንዲት ሴትዮ ረጅም ጸጉሯን በሳሙና ስትታጠብ ትታያለች፤ እሷ ብቅ ስትል ሰዉ «መጣች! መጣች!» ይል ነበር። አንዳንዶቹ የድራማው ሰው ናት ብለው እስከ መጨረሻው ድረስ ምን እንደምትሆን ሲጠብቁ ኖረዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ወጣት አስተማሪ በወንዝ ዳር ወዳለ የፈረሰ የውሃ ወፍጮ ቤት ትገባለች፤ ስትወጣ ወፍጮው ይዞራል፣ ዘመኑም ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ከባለወፍጮው ጋር ይዋደዳሉ። መመለሻው ያው በር ነው። የሚያወሩት በፍጥነት ስለነበር እንግሊዝኛዬ አይደርስበትም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ መጻሕፍቱን ሰጡኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አነባለሁ፣ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ለመናገር የማስተረጉመው ከጆሮዬ ይልቅ ከመጽሐፉ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኦሞራቴ ድረስ እየሄዱ የሚነግዱ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴት፣ «ቆይ እስቲ፣ ወዴት አገር ነው የሄደችው?» ሲሉ አስቆሙኝ።

«አገር አልቀየረችም እትዬ። ዘመን ነው የቀየረችው። ቅድመ አያቶቿ ወደ ነበሩበት ነው የሄደችው።»

«ታዲያ ምነው ባዶ እጇን ገባች? እኔ ብሆን አንድ ኩንታል ጨው ተሸክሜ ነበር የምገባው። የዚያ ዘመን ሰው ጨው ሲያይ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ በዛ። «ባለወፍጮው ይሞታል እንዴ?» «እናቱ ትቀበላታለች?» አንዷ ማንጎ፣ አንዷ ሸንኮራ ታስይዘኛለች፤ መጨረሻውን እንዳወጣ ነው። አላወጣሁም። ከጸሎት ቤት ሰዎች ይህ ነገር ጥንቆላ ነው ያሉም ነበሩ፤ ሚስቶቻቸው ግን በነጠላ ተሸፍነው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

ታደለች ከፊት ትቀመጣለች። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ ከከተማው በላይ ባለው የአሪ ቀበሌ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ በገበያው በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። አየለ የሚባል እጮኛ ነበራት። መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው በወታደርነት ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ጦሩ ተበተነ፤ እሱ ግን ከተመለሱት መካከል አልነበረም።

ሌላው ጳውሎስ ነው። ከጎፋ የመጣ አናጺ ነበር፤ የጸሎት ቤቱንም የቪዲዮ ቤቱንም አግዳሚ ወንበሮች የሠራ እሱ ነው። ብዙ አይናገርም። እንጨት ሲልግ ግን በዝግታ ያፏጫል። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለምቆም፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊልሙ ሲያይ ወደ ሰዉ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጳውሎስ የሚቀመጠው ከታደለች ጀርባ ነው። የሚያየውም እሷን እንጂ ፊልሙን አልነበረም። እኔ የማየው እሱን ነበር። ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ፊልሙ ሊያልቅ ሁለት ቅዳሜ ሲቀረው ጳውሎስ ሽማግሌ ላከባት። ታደለች ሁለት ሳምንት ጠየቀች፤ መልሱ ከመጨረሻው ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ እንዲሆን ተባለ። በመጨረሻው ሳምንት ሰኞ፣ ነሪ ወንዝ ዳር ልብስ አጥበን ሣር ላይ ስናሰጣ፣

«ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አየለ ቢኖር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አይልክም?» እጅጌ ስትጨምቅ ቆየች። «ጳውሎስ ደግ ሰው ነው። ዝም ይላል እንጂ ደግ ነው። ትናንት የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ ሳልነግረው አበጅቶልኝ ሄደ።»

ድንገት ሳቀች።

«በቃ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ይፍረደኝ! ቅዳሜ ጠብቂኝ ካላት እኔም አየለን እጠብቃለሁ። አትጠብቂኝ ካላት ጳውሎስን አገባለሁ።»

«በቪዲዮ ባል ይመረጣል እንዴ? አታፍሪም?»

«አንቺ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። ፊትሽ ላይ አየሁት። ወዮልሽ ብትነግሪኝ!»

አውቀው ነበር። ሦስተኛውን መጽሐፍ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ጎርፉ ወፍጮ ቤቱን ሊወስድ ሲል ሰውየው ሴቲቱን በበሩ ገፍቶ ወደ ዘመኗ ይመልሳታል፤ እንዳትጠብቀውም ይነግራታል። ይህን እያወቅኩ አምስት ቀን አደርኩ። ሳላስበው አመለጠኝ እንዳልል አምስት ቀን ብዙ ነው።

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ከአውሮፕላን ሜዳው በኩል የመጡት ጭቃቸውን ሳያራግፉ ገብተው መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥለዋል። ፊልሙ ላይ ጎርፉ መጣ። ግድግዳው ተሰነጠቀ። ሰውየው ሴቲቱን በሩ ላይ ይዟት ቀስ ብሎ ተናገረ፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚረዳው እንግሊዝኛ ነው፤ በዝናቡና በጀነሬተሩ ጩኸት ግን የሰማሁት ቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ጠብቂኝ» አልኩ። አንድ ቃል አልበቃኝም። «ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ።»

እልልታው ከዝናቡ በለጠ። እትዬ ዘውዴ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አግዳሚውን በቡጢ መቱት። ታደለች በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታለቅስ ነበር። ጳውሎስ አንገቱን ደፋ። ከአንድ ቃል ፊት የጣልኩት ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

ፊልሙ ግን አላለቀም ነበር። መጨረሻው ላይ ሴቲቱ ጸጉሯ ሸብቶ፣ በልጆችና በልጅ ልጆች ተከባ ስትስቅ ትታያለች።

«እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«የእህቷ ናቸው» አልኩ።

እህት የላትም። በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ እህት የሚል ቃል አልተጻፈም።

እሑድ ታደለች ለሽማግሌዎቹ «ቃል ያለብኝ ሴት ነኝ» አለቻቸው። ለራሴ ያልኩት ሕዝቡን ደስ ለማሰኘት ነው የሚል ነበር፤ ሌላም አልኩ፤ በፊልም የምትወስን ከሆነ የራሷ ጥፋት ነው አልኩ። ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ ጳውሎስ ወደ እኛ ቤት ሽማግሌ ላከ። የሠርጌን ቀሚስ የሰፋችው ታደለች ናት። ስትለካኝ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስለነበር አላወራንም፤ ያን ጊዜ ለዚያ መርፌ አመስግኜ ነበር።

ከዚያ ወደ ወይጦ ወረደች። ለምን እዚያ ሙቀት ውስጥ ትገቢያለሽ ስላት፣ «ከሰሜን የሚመጣ መኪና ሁሉ ወይጦ ሳይደርስ ጂንካ አይገባም» አለችኝ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፈተች፤ የስፌት መኪናዋን በር ላይ አኖረች። አየለ አልመጣም። እሷም አላገባችም። እኔና ጳውሎስ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ከአውቶቡስ ወርደን እሷ ዘንድ እንበላለን፤ ልጆቼን ታቅፋለች፣ ቁልፋቸው የተነቀለ ሸሚዝ ካለ እዚያው ትጠግናለች፤ ስንሄድም አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮቱ ሥር ትቆማለች። ጳውሎስ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ለቅሶ የመጣች ጊዜ ሦስት ሌሊት ከእኔ ጋር አደረች።

የሜሮን ጓደኞች በተጨቃጨቁ በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወይጦ ወረድኩ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ድሮ ቀኑን የሚፈጀው ጉዞ ሐሳቤን ሳልጨርስ አለቀ። ታደለች ሻይ ቀድታልኝ ከፊቴ ተቀመጠች። ጸጉሯ ከእኔ ያነሰ ሸብቷል።

«የወፍጮ ቤቱን ፊልም ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«እንዴት እረሳዋለሁ! በቀደም ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስነግረው ያን የሚያህል ሰውዬ እንባው መጣ።»

«ሰውየው ጠብቂኝ አላላትም።»

«ታዲያ ምን አላት?»

«አትጠብቂኝ።»

ዝንቡን በእጇ ስትከላከል ቆየች። «በመጽሐፉስ?»

«በመጽሐፉም።»

«መጨረሻ ላይ ያየናቸው ልጆችስ?»

«የራሷ ናቸው። አግብታ የወለደቻቸው።»

«አንቺ ብርሃኔ!» አለች ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ለሰው ሁሉ ውሸት ስነግር ነው የኖርኩት? በአማርኛ ተናገርኩ፣ በአሪኛ ተናገርኩ። እህቷ የወለደችላት ልጆች ብዬ!» ሳቅ ሊመጣት ሲል ፊቷ ተለወጠ። «ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ ያልሽው?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። «ጳውሎስን ፈልጌው ነበር» አልኩ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ስታስተረጉሚ ዓይንሽ የት እንደነበር ያላየሁ መሰለሽ?» ወደ መንገዱ እያየች ነው የምትናገረው። «ፊልሙ ጠብቂ ሲለኝ እኔም ከበደኝ። ግን ለብርሃኔ ተውኩላት ብዬ ተጽናናሁ። ልጆችሽን ባቀፍኩ ቁጥር እኔ ባልሰጣት ይህ ሁሉ አይኖርም እል ነበር። በልቤ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ዓይኗን ከመንገዱ መልሳ አየችኝ።

«ጳውሎስ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«እንዳልፈለግኩት አምኖ ሞተ በይኛ።»

አንድ መኪና ቆሞ ሰዎች ገቡ። ተነስታ አስተናገደቻቸው፤ እየሳቀች ጭምር። ሚኒባሱ ሲመጣ «ደህና ግቢ» አለችኝ ከምድጃው ሳትነሳ። መስኮቱ ሥር ማንም አልቆመም።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። የያዘቻትን አንዲት ማጽናኛ ቀምቻት ተመለስኩ። አሁን አንዳንድ ጊዜ እደውልላታለሁ፤ ታነሳለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ «ሰው መጣ» ብላ ትዘጋለች። እውነት መናገር ነፃ ያወጣል ሲባል በጸሎት ቤት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚያወጣው ተናጋሪውን ይሁን ሰሚውን ግን ጠይቄ አላውቅም። እኔን እንኳ አላወጣኝም።

ጳውሎስ በትዳራችን ሁሉ ስለ ታደለች የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን አልጋ እየሠራ ነበር። እንጨቱን እያየ፣ «ያቺ ልጅ እኔን ምን ጎደለው ብላ ነው ያልፈለገችኝ?» አለ። ቅር ብሎት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። «ቃል ያለባት ነበረች» አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ደህና» አለና መላጊያውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ያን ቀን አላፏጨም።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከእኔ እስከ እሱ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለታደለች ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ወይጦ ድረስ ሄጄ ነገርኳት፤ ለእሱ ግን ያቺን ሦስት እርምጃ አልሄድኩም።